ሙሽራው ከግቢ አይወጣም

ጥር 9
ከቀያሿ፣ በውጭ አገር ለሚሠራው የአክስቷ ልጅ

የዳቦ ጋጋሪው ወለል ትናንት እንደገና ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከምድጃው ሥር ተነስቶ በሩ ድረስ ደርሷል፤ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቼ አይቼዋለሁ።

ወንድሜ ሆይ፣ እንዴት ከርመሃል? የቆምክበት ይጽናልህ፣ የጀመርከው ይቅናልህ። እኛ ተመስገን ነው። እናትህ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ብቻ አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አንደበታቸው ግን ለመንገዱ ሁሉ ይተርፋል።

በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችን ስልክ ያለው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከውጭ ሲደወል ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ አገር አይደውልም። የምነግርህም እሳቸው ፊት የሚነገር አይደለም።

የጨው ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከመንገዳችን ሥር ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። በቧንቧ ውኃ ወደ ታች ይሰዱ ነበር፤ ጨው ሟሙቶ ይወጣላቸው ነበር። የወጣው ጨው ተሸጠ፤ የወጣበት ባዶ ቦታ ግን እዚያው አለ። ነዋሪው አቤት ሲል መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። በየወሩ መንገዱ ላይ የመሬትን ስበት እለካለሁ። እናትህ፣ "ጎንበስ ብለሽ ምን ይሆን የምታዪው?" ብለው ያዙኝ። "አክስቴ፣ ከሥር ያለው ነገር ሲጎድል መሬት ዕቃን የሚስብበት ጉልበት በጣም በጥቂቱ ይቀንሳል። እዚህ ሳጥን ውስጥ በቀጭን ሞላ የተንጠለጠለች ፍሬ አለች፤ ጉልበቱ ሲቀንስ ከፍ ትላለች" አልኳቸው። "እንግዲያስ እኔ ላይ አስቀምጪው፤ ከዚህ መንደር እንደ እኔ የጎደለ የለም" አሉኝ።

ችግሩ ሳጥኖቹ ሁለት መሆናቸው ነው። አንዷን ታውቃታለህ፤ አንተም እኮ ተሸክመሃታል። አሮጊቷ እንላታለን። በየወሩ ጠዋት ውኃ ጋኑ ያለበት ኮረብታ ላይ አዝያት እወጣለሁ፣ ቋጥኙ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ መንገዱን ለክቼ ተመልሼ ቋጥኙ ላይ ልኬቱን እዘጋለሁ። ሁለተኛው አዲስ ነው። ሙሽራው ብለነዋል፤ በመኪና ካልሆነ አይንቀሳቀስማ። መኪናው ኮረብታውን አይወጣም፣ ኃላፊው ደግሞ "ይህን የመሰለ ዕቃ በጀርባ አይታዘልም" አሉ። ስለዚህ ሙሽራው ከግቢ አይወጣም፤ ማለቴ ጉዞውን ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጀምሮ እዚያው ግቢ ይጨርሳል። ለእሱ ብለው ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ሲሚንቶ ላይ የናስ ምስማር አስተከሉለት። ሻምበል የምንላቸው ዘበኛችን በየጠዋቱ በእጅጌያቸው ይወለውሏታል፤ ወታደር ቤት ገብተው እንደማያውቁ ታስታውሳለህ።

ሁለቱም እኩል አንድ ዓመት ሠርተዋል። አሮጊቷ መንገዱ አርባ ነጥብ ጎድሏል ትላለች። ሙሽራው ምንም አልጎደለም ይላል።

ዳቦ ጋጋሪው፣ "አርባ ነጥብ ስንት ነው?" ሲለኝ፣ "ዳቦህን ከወለል አንስተህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠው ከመሬት ስለራቀ ብቻ ከሁለት መቶ ነጥብ በላይ ይቀንሳል" አልኩት።

"አርባውማ ፍርፋሪ ነዋ!"

"ፍርፋሪ ነው። ግን ማንም ሳይነካው የጎደለ ፍርፋሪ ነው።"

ትንሽ አሰበና፣ "ከታች አይጥ አለ በይኛ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር፣ "አይጡ እንዴት አደረ?" ነው ሰላምታው።

ኃላፊው አሮጊቷ ጃጅታለች ብለው ያምናሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቤታቸውም እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። በመጨረሻ፣ "ሁለቱም ይመዘኑ፣ እስከዚያ ግን ማንም ሰው ከቤቱ አይነሳም" ብለው ወሰኑ። ሁለቱንም ወደ እናንተ ምድር ቤት ልከናቸዋል። አሮጊቷን አደራ፣ ብርድ አትወድም። ማንኛቸው ልክ እንደሆነ ስታውቅ ከኃላፊው በፊት ለእኔ ጻፍልኝ። እናትህ ከዳቦ ቤቱ ሦስተኛው በር ላይ ናቸው፤ ይህን ላስታውስህ አይገባም ነበር።

እህትህ


የካቲት 2
ከአክስቷ ልጅ፣ ለቀያሿ

እህቴ፣ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም። ለእናቴ ጉልበት ብርታት ይስጥልኝ።

ሁለቱም ደርሰዋል። ሙሽራው እንደ ተቀባ መጥቷል። አሮጊቷ ግን መንገድ ላይ ባትሪዋ ሞቶ ቀዝቅዛ ነው የደረሰችው። የውስጧ ሙቀት እስኪመለስ ማንም እንዳይነካት ብዬ ወረቀት ለጠፍኩባት። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ አየና፣ "ይህ ዕቃ ጡረታ አልወጣም እንዴ?" አለኝ። እሷን ሳያውቃት አይፈረድበትም።

ስለ ቦታው ትጠይቂኝ ነበር፣ አሁን ምክንያት አገኘሁ። ከሕንጻው ምድር ቤት በታች ሌላ ምድር ቤት አለ። መስኮት የለውም። ከሕንጻው መሠረት የተነጠሉ የሲሚንቶ መደቦች በተራ ቆመዋል፤ ላያችን ላይ ሰው ሲሮጥ እንዳይነቀንቃቸው ነው። ከየአገሩ የመጡ መሣሪያዎች ከመደብ መደብ እየተዘዋወሩ ያንኑ አንድ ስበት ይለካሉ። እኔ የያዝኩት ጣዩ የምንለውን ነው፤ አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ብርጭቆ ይጥላል፣ የወደቀበትን ፍጥነት በብርሃን ይቆጥራል። መልሶ ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል። ተንቀሳቃሽ ይባላል እንጂ ሲንቀሳቀስ ሦስት ሰው ያስለቅሳል። እንደ እናንተ ያሉትን ባለ ሞላዎች ደግሞ ከምድር ቤት ወደ አምስተኛ ፎቅ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት እናመላልሳቸዋለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ እናውቀዋለን፤ እነሱ በትክክል ይናገሩት እንደሆነ ነው የሚታየው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ውጤቱን ቀድሜ ልነግርሽ አልችልም። ሁላችንም ቁጥራችንን አሽገን ለአንዲት ሴትዮ እንሰጣለን። ዳኛዋ እንላታለን። ሁሉም ሳይጨርስ አትከፍትም። እኔም ፈርሜያለሁ። ሕጉ ከንቱ አይደለም፤ ሰው የጎረቤቱን ቁጥር ካየ የራሱን ወደዚያ ይገፋል፣ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ስለሆነ። በተለይ የዘመዴ ዕቃ እንዳለበት ዳኛዋ ታውቃለች፤ ራሴ ነግሬያታለሁ።

ስለዚህ ሌላ ነገር ልለምንሽ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እናቴን ከመንገዱ አንሺልኝ። ቤትሽ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ፊት ለፊት ነው፣ በዚያ በኩል ስንጥቅ ታይቶ አያውቅም። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት በያት።

ወንድምሽ


የካቲት 21
ከቀያሿ፣ ለአክስቷ ልጅ

እናትህ እኔ ቤት ናቸው። አልጋዬን ወስደዋል፣ ወጥ ቤቴን ወስደዋል፤ አሁን በሬ ላይ ወንበር አውጥተው ግቢውን በዓይናቸው ያስተዳድራሉ።

ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ብርዱ ይራቅልህ፣ ሳቅ አይጥፋብህ።

ማዛወሩ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። "ልጄ ከባሕር ማዶ ሆኖ ያዘኛል? መጥቶ አዝሎኝ ይሂዳ!" አሉ። ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ እንዳለ። "እትዬ፣ እኔ ላዝልዎት?" አላቸው። "አንተ መጀመሪያ ዳቦህ ይነሳልህ፣ እኔን ከማንሳትህ በፊት!" አሉት። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እሱ ራሱ እየሳቀ ቁም ሣጥናቸውን ከሌላ ሰው ጋር ይዞ እስከ ቤቴ አመጣው። ሲመለስ፣ "አንተስ አትነሳም?" አልኩት። "ምድጃ በምን ይታዘላል? ደግሞ ኃላፊው እስኪወሰን ማንም አይነሳ ብሏል። አሮጊቷ ደህና ነኝ ካለች በዚያው ቀን እወጣለሁ" አለኝ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖታል። ሲሚንቶው እንደገና ከፍቷል።

የመንገዱ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ነው። እኔ ኃላፊውን፣ "ውጤቱ እስኪመጣ በጥንቃቄ ብናወጣቸውስ?" ስላቸው፣ "ወዴት? በምን ማስረጃ? አንዱ ሳጥን አዎ፣ አንዱ ሳጥን አይደለም ይላል። የትኛውን ይዤ ለበላይ ልጻፍ?" አሉኝ።

ሕጋችሁ ገብቶኛል፣ ቁጥር አልጠይቅህም። እናትህ ግን ባለፈው ሰው ሲመጣ የሠሩልህን ሹራብ ልከውልህ ነበር፤ ደርሶሃል። አሮጊቷ ጤነኛ ከሆነች በሚቀጥለው ደብዳቤህ "ሹራቡ ልኬ ነው" ብለህ ጻፍ። ከጃጀች "ጠበበኝ" በል። ስለ ሹራብ የሚጽፍን ሰው ማንም ዳኛ አይከሰውም። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ


መጋቢት 18
ከአክስቷ ልጅ፣ ለቀያሿ

የውጤቱ መክፈቻ ቀን ወደ ሚያዝያ 4 ተላልፏል። ከመጡት መሣሪያዎች የአንዱ ቱቦ አየር አስገብቶ ሥራው ከመጀመሪያው ተደገመ።

እህቴ፣ ለመልሱ ስለዘገየሁ ይቅርታሽ ይድረሰኝ። ቤታችሁ በጤና ይዋል።

እናቴን ስለተቀበልሽልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ጉልበቷን ሞቅ ባለ ፎጣ ጠቅልይላት። ጨው አታብዛ በያት፤ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ነግሯታል። በር ላይ ስትቀመጥ ነፋስ እንዳይመታት።

እዚህ ሥራው ብዙ ነው። አሮጊቷም ሙሽራውም ተራቸውን ጨርሰዋል፣ በየሣጥናቸው ገብተው ይጠብቃሉ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእጅ ነው ያወጣናቸው። ቀኑ አይበቃኝም፤ ከምድር ቤት ስወጣ ጨልሞ አገኘዋለሁ። ዳኛዋ ጠንካራ ሴት ናት። አንድ ባልደረባችን ምሳ ላይ የራሱን ቁጥር በቀልድ ተናገረ፤ የአገሩን መሣሪያ በሙሉ ከምዘናው አስወጣችው። እሱ ብቻ አይደለም የወጣው፣ ያንን መሣሪያ አምነው የላኩት ሰዎችም ሥራቸው ሁሉ ዋጋ አጣ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

ለዳቦ ጋጋሪው ሰላም በይልኝ። ከቻለ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይተኛ።

ወንድምሽ


መጋቢት 29
ከቀያሿ፣ ለአክስቷ ልጅ

ዳቦ ጋጋሪው ሞተ። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ዳቦ አውጥቶ ሁለተኛውን ሊያስገባ ሲል ወለሉ ከነምድጃው ወረደ። በር ላይ ቆመው ዳቦ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ተርፈዋል። አስከሬኑ አልወጣም። ጉድጓዱ ውኃ ሞልቷል፣ ውኃው ጨው ነው።

የእናትህ ቤት ግድግዳ ግማሹ ወርዷል። ቁም ሣጥኑን የተሸከመላቸው እሱ ነበር። እናትህ እስካሁን ስሙን ጠርተው አያውቁም፤ "ያ ልጅ" ብቻ ይላሉ።

የመንገዱ ሰው ሌሊቱን ሜዳ ላይ ነው ያደረው። ዝናብ ጀምሯል። ኃላፊው የት እንደሚያስገቧቸው ጨንቋቸዋል፤ የመሥሪያ ቤቱን አዳራሽ እያሰቡ ነው፣ ግን መጀመሪያ ከእናንተ ቃል እጠብቃለሁ ይላሉ። አሁንም ውጤት ይጠብቃሉ።

ስለ ሹራቡ አልጻፍክም።


ሚያዝያ 6
ከአክስቷ ልጅ፣ ለቀያሿ

ሹራቡ ልኬ ነው። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ልኬ ነበር።

እህቴ፣ ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዲሁ ተቀበይው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ውጤቱ በተከፈተ ማግስት ነው። ከዚያ በፊት ምንም አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ ምን እንደማደርግ ራሴን እየጠየቅሁ ነው፤ አሁን ለእሱ ጊዜ የለንም። እስከ መጨረሻው ድረስ አንብቢኝ።

ዳኛዋ አርብ ፖስታዎቹን ከፈተች። አሮጊቷ ከትክክለኛው ልዩነት በሦስት ነጥብ ብቻ ነው የራቀችው። ሙሽራው በሁለት። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ስለ አሮጊቷ የሳቀው ባልደረባዬ መጥቶ ክዳኗን መታ መታ አደረገላት። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ወዲያው ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ደወልኩ። ኃላፊው አነሱት።

"አሮጊቷ ጤነኛ ናት" አልኳቸው።

"አውቀናል፤ መሬቱ ራሱ ነግሮናል" አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል። ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። "ሙሽራውስ?" ብለው ቀጠሉ።

"እሱም ጤነኛ ነው።"

"ማረጋገጫ ነው የምትሰጠኝ?"

"አዎ።"

"ተመስገን" አሉ። "እንግዲያው ቤተሰቦቹን ዛሬውኑ አዳራሹ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ሙሽራው ግቢው ላይ ዓመቱን ሙሉ ምንም አላየም።" አመስግነውኝ ዘጉት።

በማግስቱ ደብዳቤሽን አነበብኩና የዳቦ ጋጋሪውን ሞት አወቅሁ። ከዚያ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አሮጊቷም ሙሽራውም ልክ ከሆኑ ለምን ተጣሉ? ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ነው የዋሉት። አንዱ አርባ ነጥብ ሲያይ ሌላው እንዴት ምንም አያይም?

አንቺ ነግረሽኝ ነበር። በጥር ደብዳቤሽ፣ በቀልድ። እኔም ስቄ አለፍኩት።

እነዚህ ባለ ሞላዎች መሬቱ ስንት እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቁት ከመነሻቸው በስንት እንደበለጠ ወይም እንደቀነሰ ብቻ ነው። አሮጊቷ ከቋጥኝ ነው የተነሳችው፤ ቋጥኙ አይጎድልም፣ ስለዚህ የመንገዱን መጉደል አየች። ሙሽራው ከግቢው ምስማር ነው የተነሳው። መንገዱ ከግቢው ጋር ሲነጻጸር አልጎደለም አለ። እውነቱን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ደረጃ አብረው ሲወርዱ አንዱ ሌላውን ቢያይ እኩል ነን ነው የሚለው።

ግቢው መንገዱን ያህል ጎድሏል። ሙሽራው ሊነግረን አይችልም፤ እግሩ ሥር ያለው ነው።

መልሼ ደወልኩ። ኃላፊው፣ "ትናንት ጤነኛ ነው ብለህ አረጋገጥክልኝ፣ ዛሬ ደግሞ አትመኑት ትለኛለህ። ሰዎቹን ከአንድ ቀን በኋላ በስልክ ወሬ ወደ ዝናብ አላወጣም። በጽሑፍ፣ በልኬት ይምጣ" አሉኝ። ከኋላቸው የሕፃናት ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። እንደገና ስደውል ስልኩ አልተነሳም።

ሳጥኖቹን ዛሬ አስጭኛለሁ፣ ይህንን ደብዳቤ ከአሮጊቷ ክዳን ሥር አድርጌዋለሁ። እንደደረሱ አሙቂያቸው። ቋጥኙ ላይ አስቀምጪ፣ ከዚያ ምስማሩ ላይ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ቋጥኙ ላይ። የሚወጣውን ልዩነት የሁለቱ ሳጥኖች የመጀመሪያ ወር ልኬት ከሚሰጠው ጋር አስተያዪው። ሙሽራውንም አዝለሽ ኮረብታው ላይ አውጪው። ኃላፊው ቢቆጡ ይቆጡ።

እናቴን ከቤትሽ አውጪያት። ፊት ለፊቱ ነው ያስቀመጥኳት። ወደዚያ ውሰጃት ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 27
ከቀያሿ፣ ለአክስቷ ልጅ

ግቢው ስልሳ ነጥብ ጎድሏል። መንገዱ ከመውደቁ በፊት ከለካሁት ይበልጣል።

ወንድሜ፣ የላክኸው ደርሷል። ጭነቱ ጉምሩክ ላይ ባይቆም ኖሮ ቀድሞ ይደርስ ነበር። በአንተ አልፈርድም፤ ፊርማህን ብታፈርስ ኖሮ ሁለቱም ሳጥኖች ከምዘናው ይወጡ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ያምነናል? ይህን የምልህ እንድትተኛ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ግን፣ "አሮጊቷ ደህና ነኝ ካለች በዚያው ቀን እወጣለሁ" እንዳለኝ ጽፌልህ ነበር። ይህንንም አልደብቅህም።

አሮጊቷን አሙቄ ቋጥኙ ላይ አወጣኋት፣ ከዚያ ምስማሩ ላይ አስቀመጥኳት። ምስማሩ ሥር ስደርስ ሻምበል ቀድመውኝ እየወለወሉት ነበር። የአዳራሹ ሕፃናት ከበቡን። አንዷ፣ "ሳጥኗ ምን አለች?" አለችኝ፤ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ተርፋ የመጣች ናት። "ገና አልነገረችኝም" አልኳት። ነግራኝ ነበር።

ኃላፊው በአንድ ልኬት አላመኑም። ማመን ባይፈልጉም አልፈርድባቸውም፤ ባለቤታቸው የመንገዱን ሰው ልብስ የሚያሰጡት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። "ሙሽራውም ይመስክር" አሉ። ሙሽራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ወጣ፣ በእኔ ጀርባ። ኃላፊው ራሳቸው ከኋላዬ ኮረብታውን ወጡ፤ እያለከለኩ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ቋጥኙ ላይ ቆመው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ። ወርደን ምስማሩ ላይ ራሳቸው አነበቡ። ዓመቱን ሙሉ ሲጣሉ የኖሩት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ቃል ተናገሩ።

ኃላፊው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ "ወዴት ልውሰዳቸው?" አሉኝ። የሚወሰዱበትን ቦታ እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን ሰው ሲጠይቅህ ከመልስ በቀር ምን ትሰጠዋለህ? "ኮረብታው ላይ" አልኳቸው። "ኮረብታው ላይ ከውኃ ጋን በቀር ጣራ የለም። ድንኳን ከበላይ ካልተፈቀደ አይመጣም" አሉ። እዚያው ቁጭ ብለው ለበላይ ጻፉ። ከበላይ የመጣው መልስ፣ ኮሚቴ ተልኮ እስኪወስን ሰዎቹ በሚገኙበት ይቆዩ የሚል ነው። አዳራሹ ውስጥ እንዲገቡ የፈቀደው ያው የበላይ አካል ነው፤ አሁን ተሳስቻለሁ ለማለት ስብሰባ ያስፈልገዋል።

ትናንት ደግሜ ለካሁ። ሁለት ነጥብ ጨምሮ ጎድሏል። የአዳራሹ በር ከሰኞ ጀምሮ እየተላተመ አልዘጋ ብሏል። ሰዉ ዝናቡ እንጨቱን አሳበጠው ይላል።

ስለ እናትህ የምጽፈውን እስከ መጨረሻ አቆየሁት። ከቤቴ ወጥተዋል፣ ግን ወደ ኮረብታው አይደለም። እኔ ጓዛቸውን ስሸክፍ ዱላቸውን ይዘው መንገዱን ተሻግረው አዳራሹ ገቡ። ተከትዬ ገባሁ።

"አክስቴ፣ እዚህ ከቤቴም የባሰ ነው!"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"በመጀመሪያው ስነሳ ያ ልጅ ዕቃዬን ተሸክሞልኝ ተመልሶ ገባ። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ገባ። አሁን እነዚህን ሕፃናት ትቼ ልውጣ?"

"ልጅዎ ይውጡ ብሏል።"

"ልጄ ባሕር ማዶ ሆኖ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይለኛል። እንግዲህ ሳጥን መዝኖ እንጂ ሰው መዝኖ አያውቅም። እነሱ ሲወጡ እወጣለሁ። ንገሪው።"

ነገርኩህ። በሰው ብናወጣቸው ብዬ ሁለት ወጣቶች ይዤ ሄድኩ፤ በዱላ መለሱን። ሌሊት ሌሊት ሕፃናቱ መሐል ነው የሚተኙት። ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልዬላቸዋለሁ።

ከዚህ በፊት ቁጥር ለመንኩህ፣ ከዚያ አንድ ቃል ለመንኩህ። አሁን ድምፅህን ነው የምለምንህ፤ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ደውል። የእኔን ልኬት ኮሚቴው የቀያሽ ወሬ ይለዋል፣ የኃላፊውን ደብዳቤ ራሱን ለማዳን ጻፈ ይለዋል። ከዚያ ምድር ቤት የሚናገር ሰው ግን ይሰሙታል። ሁለቱም ሳጥኖች ጤነኞች ናቸው ብለህ አትጀምር፤ ባለፈው እዚያ ላይ ነው የዘጉብህ። ከምስማሩ ጀምር።

ይህንን ደብዳቤ በአውሮፕላን ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በጊዜው ይደርስሃል ብሎኛል። ኃላፊው እንደምትደውል ያውቃሉ፣ ፈቅደዋል፣ ስልኩንም ወደ ጠረጴዛው መሐል ስበውታል።

የቆምክበት ይጽናልህ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ግንቦት 12 ጠዋት ነው፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል።

እህትህ